በእንድሪስ ጃኬት የተነሳሁት ፎቶ

ወንድሜ በተቀበረ በአሥራ አምስተኛው ቀን፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ የሱን ጃኬት ለብሼ፣ እሱን ለመምሰል ካሜራ ፊት ተቀመጥኩ።

ይህችን አንድ መስመር ለመጻፍ ብዙ ጊዜ ወስዶብኛል። እጽፋለሁ፣ እሰርዛለሁ። ነገሩን ከኔ ሌላ በሙሉ የምታውቀው እናቴ ብቻ ናት። ባለፈው ሰሞን በስልክ ስናወራ “አሁንማ ንገራቸው፤ ምን ቀረ” አለችኝ። ስለዚህ እነግራችኋለሁ።

ያኔ ሃያ ዓመቴ ነበር። ከደሴ ወደ ሚኒያፖሊስ የመጣሁት በአሥራ ስድስት ዓመቴ ነው። ያስመጣኝ ታላቅ ወንድሜ እንድሪስ ነው። በአሥር ዓመት ይበልጠኛል፤ “አያ” እለው ነበር። አባታችን ቀደም ብሎ ስለሞተ አባቴም እሱ ነበር ማለት ይቻላል። ሴዳር ሪቨርሳይድ በሚባለው ሰፈር ካሉት ረጃጅም ሕንፃዎች በአንዱ፣ አሥራ ዘጠነኛው ፎቅ ላይ አብረን እንኖር ነበር። እኔ ሃይስኩል ጨርሼ መጋዘን ውስጥ ካርቶን እጭናለሁ። ኮሌጅ ግባ ሲለኝ “በሚቀጥለው ሴሚስተር” እለዋለሁ። ከዚህ ሌላ የምንጣላበት ነገር አልነበረንም።

እንድሪስ ፎቶ አንሺ ነበር። ፍሮግታውን በሚባል ሰፈር፣ ዩኒቨርሲቲ አቬኑ ላይ፣ ከእስያ የመጡ ሞንግ የሚባሉ ሰዎች ከከፈቱት አንድ ግሮሰሪ በላይ ያለች አንዲት ክፍል ተከራይቶ ስቱዲዮ አድርጓታል። ክፍሏን የሚጋራው ትዕግስት ከምትባል የአዲስ አበባ ልጅ ጋር ነው። እሷ ሙሽራ ታስውባለች፣ እሱ ያነሳል።

የሱ ፎቶ ከሌላው ሰው ፎቶ ይለያል። መብራቱን ዝም ብሎ ፊት ላይ አይለቅም። ከመብራቱ ፊት ቱቦ የመሰለ ዕቃ ይገጥማል፤ ቱቦው ውስጥ ሌንስ አለ፤ ከሌንሱ በስተኋላ የተበሳሳ ክብ ቆርቆሮ ይሰካል። ጎቦ ይሉታል። ቆርቆሮው ላይ የተቆረጠው ቅጠል ከሆነ ቅጠል፣ የመስኮት ፍርግርግ ከሆነ ፍርግርግ፣ ብርሃን ሆኖ ሰው ፊት ላይ ያርፋል። ሌንሱን ሲያስጠጉት ጠርዙ ይሳላል፤ ሲያርቁት ይደበዝዛል። ሌሎቹ መብራቶች ላይ ደግሞ ጄል የሚባለውን ባለቀለም ስስ ላስቲክ ይለጥፋል። ግድግዳው ሰማያዊ ይሆናል፣ የጉንጭ ዳር ብርቱካንማ። ሰዎች ፎቶአቸውን ሲያዩ “ይሄ እኔ ነኝ?” ይሉታል። እሱ ያቺን ጥያቄ ይወዳታል።

ብርሃኑን የሚሞክረው በኔ ፊት ነበር። “መልካችን አንድ ስለሆነ አንተን ሳይ ራሴን አያለሁ” ይለኛል። በርጩማው ላይ እቀመጣለሁ፤ እሱ መብራት ያንቀሳቅሳል፤ እኔ ቺፕስ እበላለሁ። ወለሉ ላይ ቴፕ ለጥፎ “ጀማል” ብሎ ጽፎበታል፤ የኔ ቦታ ናት። እሱ ግን መነሳት አይወድም። ሲሞት በኛ እጅ የነበሩት የሱ ፎቶዎች አምስት ብቻ ነበሩ። አምስቱንም ለእማዬ ልከንላታል። ይህን ያዙልኝ፣ በኋላ ያስፈልጋል።

ኅዳር ውስጥ፣ ሐሙስ ጠዋት፣ መኪናው በረዶ ላይ ተንሸራተተችና ከድልድይ ግንብ ጋር ተጋጨች። ዓርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ቀበርነው። መስጊድ ውስጥ ሲታጠብ ውሃ ካፈሰስነው ሰዎች አንዱ እኔ ነበርኩ። ስለዚያ ብዙ መጻፍ አልችልም። አንድ ነገር ብቻ ልበል። ፊቱ የሱ ቀለም አልነበረም። አመድማ ሆኖ ነበር፤ ወደ ሰማያዊ የሚወስደው አመድማ።

እማዬ አልተነገራትም።

በኛ ዘንድ መርዶ በስልክ አይነገርም። ሽማግሌ ተይዞ፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ በማለዳ ነው። በዚያ ላይ እማዬ ታማ ነበር። ሆዷ ውስጥ እብጠት ወጥቶ ሐኪሙ “በቶሎ መውጣት አለበት” ብሏል። ደም ግፊት አለባት። ግፊቷ ከፍ ካለ ኦፕራሲዮኑ አይደረግም። ቀጠሮዋ ሰኞ ነው። ዘመድ ሁሉ መክሮ ኦፕራሲዮኑ አልፎ፣ አገግማ፣ ከዚያ ትረዳ አለ። እስከዚያው “እንድሪስ ጉሮሮውን ታሞ ድምፁ ተዘግቷል” ተባለች። ይህን የነገርኳት እኔ ነኝ። በሦስት ቀን አንዴ እየደወልኩ ሳል እየጨመርኩለት።

ከቀብሩ ሁለት ሳምንት በኋላ፣ ዓርብ ከሰዓት፣ ጋሽ ኡመር እኔ ቤት መጡ። ጋሽ ኡመር የደሴ ሰው ናቸው፤ ታክሲ ይነዳሉ፤ የኛው ሕንፃ ውስጥ ነው የሚኖሩት። ለቅሶውን ሁሉ የያዙት እሳቸው ናቸው። ጫማቸውን በር ላይ አውልቀው ሶፋው ጫፍ ላይ ብቻ ተቀመጡ። ቶሎ ለመሄድ የፈለጉ ይመስላሉ።

“አክስትህ ፋጡማ ደውላልኝ ነበር” አሉ። “እናትህ እምቢ ብላለች።”

“ምኑን?”

“ኦፕራሲዮኑን። እንድሪስን ሳላይ ቢላ አይነካኝም ብላለች። ድምፁ ከተዘጋ ፊቱ አልተዘጋ፣ የዛሬ ፎቶውን ላኩልኝ ብላለች።”

“እንግዲያው እውነቱን ይንገሯት ጋሼ።”

“መንገሩስ ቀላል ነበር። ዛሬ ተነገራት ማለት ሰኞ ቀረ ማለት ነው። ሰኞ ከቀረ ደግሞ…” አልጨረሱትም።

“የዛሬ ፎቶ ከየት ይመጣል? አምስት ነው ያለው፣ አምስቱም እሷ ጋ አለ።”

ጋሽ ኡመር ቀና ብለው ፊቴን አዩት። ያንን አስተያየት አውቀዋለሁ። ከቀብሩ ወዲህ ሰው ሲያየኝ መጀመሪያ እሱን ያያል፤ ከዚያ ነው እኔ መሆኔ ትዝ የሚለው።

“አንተ እኮ ቁርጥ እሱን ነህ” አሉ።

“ጋሼ፣ ይሄ ሐራም አይደለም?”

“ወላሂ አላውቅም። ሼኹን ልጠይቅ ተነሳሁና ተውኩት።”

“ለምን?”

“ቢከለክሉኝስ?”

በሌላ ቀን ቢሆን እንስቅ ነበር። ሰዎች የእንድሪስን ልብስ በሙሉ ለሰደቃ ጠቅልለው ሲወስዱ አንድ ቡናማ የቆዳ ጃኬት ደብቄ አስቀርቼ ነበር። እማዬ በላክንላት ፎቶዎች ላይ ታውቀዋለች። ጋሽ ኡመር ሲሄዱ ከቁም ሳጥኑ አወጣሁት። ኪሱ ውስጥ ማስቲካ አገኘሁ። መልሼ ከተትኩት።

በማግስቱ ጠዋት በባቡር ወደ ስቱዲዮው ሄድኩ። መስኮቱ ላይ ፊቴን እያየሁ ነበር። ስንት ነገር እያሰብኩ! ቅንድቡ ላይ ጠባሳ አለች፤ ልጅ ሆኖ ከጣሪያ የወደቀ ጊዜ ናት። ጢም አለው፤ የኔ ገና ብን ብን ያለ ነው። አገጩ ሰፊ ነው፤ የኔ ሾጣጣ። ብታውቅስ? ሰኞ ሳይደርስ በኔ ምክንያት ብትወድቅስ? ባልልክላትና ሰኞ ቢያልፍስ? ሁለቱም መንገድ መጨረሻው እሷ ናት።

ትዕግስት በሩን ከፍታ ጃኬቱን ስታይ ወደኋላ ዘለለች።

“በናትህ ጀማል! ሰው እንዲህ ሆኖ ይመጣል? ልቤ እኮ ቆመ!”

“ሶሪ።”

ነገርኳት። እየሰማች የሜካፕ ብሩሾቿን ታጥባለች። ስጨርስ ውሃውን ዘጋችው።

“አልሰማሁም በል። እኔ እዚህ ነገር ውስጥ የለሁበትም።”

“መብራቱን ብቻ አሳዪኝ።”

“መብራቱን የምታውቀው አንተ ነህ። አራት ዓመት ተቀምጠህበታል።”

“ተቀምጬ ቺፕስ ነበር የምበላው።”

ሳቀች። ሳቋ መሃል ላይ ተበላሸና አለቀሰች። ከዚያ አፍንጫዋን ጠርጋ “ና ተቀመጥ” አለች።

ከአምስቱ የሱ ፎቶዎች አንዱን ስልኳ ላይ ከፍታ ከፊቴ አጠገብ ያዘችው። አንዴ ስልኩን፣ አንዴ እኔን ታያለች።

“ከግንባርህ እስከ አፍንጫህ እሱ ነህ። ከአፍንጫህ በታች ግን ጎረቤት ነህ።”

“ምን ይሻላል?”

“ጠባሳዋን እሠራታለሁ። ጢሙን እሞላዋለሁ። አገጩን ግን እኔ አልችልም፤ እሱን መብራት ይደብቀው። ይኸው፣ ስንት ሙሽራ ያስዋብኩ ሴትዮ ጢም መሥራት ጀመርኩ!”

ግማሽ ሰዓት ያህል ሠራችኝ። ስትጨርስ መስታወት አልሰጠችኝም፤ እኔም አልጠየቅኩም።

በርጩማውን ስሜ ላይ አስቀመጥኩት። የመብራቶቹ ምልክት ወለሉ ላይ ስላለ እያንዳንዱን በቦታው አቆምነው። ካሜራው ከላፕቶፕ ጋር ተያይዟል፤ ትዕግስት ስትጫነው ፎቶው ወዲያው እዚያ ላይ ይወጣል። እኔ የገባኝ አንድ ነገር ነው፤ ቀለም በበዛ ቁጥር ፊት ይደበቃል። ሰረዝ ሰረዝ ያለውን ቆርቆሮ ሰካሁ። ከዚያ ሰማያዊውን ጄል ወስጄ ዋናው መብራት ላይ፣ ፊቴ ላይ የሚወርደው ላይ፣ ለጠፍኩት።

“እሱ ሰማያዊ ፊት ላይ አያደርግም ነበር” አለች።

“ይደብቃል እኮ።”

“እሺ፣ ላንተው።”

ብልጭ አለ። ወደ ላፕቶፑ ዞርኩ።

በመስጊድ ያጠብኩት ፊት ነበር። አመድማው። አፍንጫው፣ ቅንድቡ፣ ጠባሳዋ፣ ቀለሙ ሁሉ። ዓይኑ ብቻ ተገልጧል።

ከበርጩማው እንዴት እንደተነሳሁ አላውቅም። የመብራት ማቆሚያ ገፍቼ አለፍኩ። ጃኬቱን ለማውለቅ ስታገል እጅጌው ያዘኝ፤ አልወጣ አለኝ፤ “አውልቂልኝ፣ አውልቂልኝ!” እያልኩ እጮሃለሁ። ትዕግስት ይዛ ከነጃኬቱ አስቀመጠችኝ። ውሃ ሰጠችኝ። ከዚያ ሰማያዊውን ጄል አንስታ አጠፈችው።

“ይቅርብን ጀማል።”

“አይሆንም።”

“አድምጠኝ። እናቴ የሞተችው እኔ እዚህ ሆኜ ነው። ሰባት ወር ደብቀውኛል። የነርስነት ፈተና ላይ ነች አትረበሽ ብለው። እስከ ዛሬ ይቅር አላልኳቸውም።”

“ብትሰሚ ኖሮ ፈተናውን ታልፊው ነበር?”

“ሳልሰማም እኮ ወደቅኩ!”

ያኔ ስልኬ ጮኸ። አክስቴ ፋጡማ ናት፤ ጽሑፍ ነው የላከችው። “ላካችሁ? ዛሬ ምግብም አልበላችም።” ለትዕግስት አሳየኋት። አነበበችና መስኮቱ ጋ ሄዳ ቆመች። ጀርባዋን እንደሰጠችኝ፣ “ሰማያዊውን ለግድግዳው ስጠው” አለች። “ጠይም ፊት ላይ ሞቃት ቀለም ነው። እሱ ለሚመጣው ሁሉ የሚለው ይህንኑ ነበር።”

ቆርቆሮዎቹን እንድሪስ በፖስታ በፖስታ አድርጎ በካርቶን ያስቀምጣቸዋል። ፖስታው ላይ ምን እንደሆነ ይጽፍበታል። ቅጠል። ፍርግርግ። ውሃ። አገጭ የሚደብቅ ስፈልግ ከታች አንድ ፖስታ አገኘሁ። “ደሴ” ይላል። ሲጠቀምበት አይቼ አላውቅም። ውስጡ የነበረው የተገዛ አይደለም፤ ከአሉሚኒየም የምግብ ትሪ በመቀስ ቆርጦ በምስማር የበሳሳው ነው። ቀዳዳዎቹ ወጥ አይደሉም፤ አንዱ ትልቅ፣ አንዱ ትንሽ።

ሰማያዊውን ጄል ለግድግዳው መብራት ሰጠን፣ ብርቱካንማውን ወደ ፊቴ አዞርን፣ ቆርቆሮውን ሰካነው። ትዕግስት ሌንሱን ወደፊት ወደኋላ አደረገችው። ግድግዳው ላይ የብርሃን ጠብታዎች ተበተኑ።

አወቅኩት።

ደሴ ያለው ቤታችን ጣሪያ አባታችን አሮጌ ቆርቆሮ ገዝቶ የመታው ነበር። የድሮው ምስማር ቀዳዳ ሁሉ ክፍት ነው። በክረምት ከሥሩ ሳህን እንደረድራለን። በበጋ ግን ጠዋት ጠዋት ፀሐይ በየቀዳዳው ትገባና ክፍሉ በጠብታ ብርሃን ይሞላል። እኔና አያ ምንጣፍ ላይ ተኝተን በነዚያ እንጫወት ነበር። ለካ ያንን ጣሪያ ከትሪ ቆርጦ ፖስታ ውስጥ አስቀምጦት ኖሯል። ለኔም አልነገረኝም።

በርጩማው ላይ ተቀመጥኩ። ጠብታዎቹ ፊቴ ላይ ወረዱ። አንዱ ትልቅ አገጬ ላይ አረፈና ሾጣጣነቱን በላው። ከታች በመንገዱ ባቡር ሲያልፍ ሕንፃው ትንሽ ይንቀጠቀጣል፤ ጠብታዎቹም አብረው ተንቀጠቀጡ። ትዕግስት ባቡሩ እስኪያልፍ ጠበቀች።

“እናትህን እያት” አለች። “ካሜራውን አይደለም። እሷን።”

ብልጭ አለ።

ላፕቶፑ ላይ እንድሪስ ተቀምጧል። ግድግዳው ሰማያዊ፣ ጉንጩ ብርቱካንማ፣ ፊቱ ላይ የደሴ ጠዋት። እኔ ራሴ አመንኩት። ትዕግስት አፏን በእጇ ይዛ “ኧረ ጌታ ሆይ” ብቻ አለች።

በቀጥታ ለእማዬ ላክሁት። ከሥሩ “እማዬ አብሽሪ፣ እየተሻለኝ ነው” ብዬ በሱ ስም ጻፍኩ። ከሁሉ በላይ እስከ ዛሬ የምትከነክነኝ ያቺ ጽሑፍ ናት። ጥቂት ቆይቶ እንዳየችው የሚያሳየው ምልክት መጣ። መልስ ግን አልመጣም። ከሰዓት በኋላ አልመጣም። ሲመሽ አልመጣም። ፋጡማን ጠየቅኳት፤ “ፎቶውን ይዛ ተኝታለች፣ ዝም ብላለች” አለችኝ። ጋሽ ኡመር ሁለት ጊዜ በር አንኳኩተው “እህሳ?” አሉ። “ምንም” አልኳቸው። በዚያ ቀን “ዝም ብላለች” የሚለውን ቃል ስንት ዓይነት አድርጌ እንደተረጎምኩት አትጠይቁኝ።

እሑድ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ስልኬ ጠራ። እማዬ ናት። ተነስቼ ቆምኩ። ለምን እንደቆምኩ አላውቅም።

“ጀማል።”

“እማዬ! ደህና ዋልሽ? ፎቶው ደረሰሽ?”

“ደረሰኝ።”

“አያ እኮ… ጉሮሮው ትንሽ ተሽሎታል። ድምፁ ነው እንጂ…”

“ማን አነሳህ?” አለችኝ።

“ማንን?”

“አንተን።”

ከመስኮቱ ባሻገር ከተማው ሁሉ ነጭ ነው። በስልኩ ውስጥ ከሩቅ ዶሮ ትንጫጫለች።

“ልጄ፣ ሁለታችሁንም የወለድኩት እኔ ነኝ” አለች። ድምፅዋ አልጨመረም፣ አልቀነሰም። “ብርጭቆ ሰብረህ ስትቆም የምታየኝ አስተያየት ነው። እንድሪስ እንዲያ አይቶኝ አያውቅም። እሱ ሰብሮ ይስቃል።”

“እማዬ…”

“የጣሪያው ብርሃንም አለበት። እሱ በእጁ ነበር የሚይዘው። ተጋድመህ ፊትህን የምትሰጠው አንተ ነበርክ። መቼ ነው?”

ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ።

“የዛሬ አሥራ ሰባት ቀን። ሐሙስ።”

“በምን?”

“በመኪና። በረዶ ላይ ተንሸራቶ።”

“ተሰቃየብኝ?”

“አልተሰቃየም። ወዲያው ነው።”

“ማን አጠበው?”

“እኔም ነበርኩበት።”

ጩኸቷን እጠብቃለሁ። ፋጡማ እየሮጠች ስትገባ፣ ስልኩ ሲወድቅ፣ ሁሉንም እጠብቃለሁ። የመጣው አንድ ቃል ነው።

“ጎሽ።”

አለቀስኩ። ከቀብሩ ወዲህ እንዲያ አልቅሼ አላውቅም። እስክጨርስ ጠበቀችኝ።

“አሁን አድምጠኝ” አለች። “ፋጡማ ጓዳ እየገባች ስታለቅስ ሰንብታለች። ስጠይቃት ሽንኩርት ነው ትለኛለች። ይህን ሁሉ ሽንኩርት ማን በላው? ጎረቤቱ ሲገባ ዓይኔን አያየኝም። አንዱን ልጄን አጥቻለሁ ብዬ ነበር። የቱን እንደሆነ አላውቅም። አንተ እንኳ በስልክ ታወራኛለህ፤ ግን ድምፅ ምን ይታመናል ዛሬ፣ ሁሉም ሲዋሽ። ሁለታችሁም ብትሆኑስ? ግፊቴን የሰቀለው እሱ ነው፤ አለማወቁ። ፎቶ ያልኩት ለዚህ ነው። አንድ ልጅ እንዳለኝ አየሁ። ቁጭ ብሎ የሚያየኝ። ነገ እገባለሁ።”

“እማዬ እንዴት አድርገሽ?”

“እገባለሁ አልኩህ። አንተም ለማንም አልነገርክም፣ እኔም አልሰማሁም።”

“ለምን?”

“ደክመውበታላ! ይህ ሁሉ ሰው ለኔ ብሎ ዋሽቷል፤ አሁን ላሳፍረው? ደግሞ ዛሬ ካለቀስኩ አልጋ ላይ ሆኜ፣ ብቻዬን፣ በድብቅ ነው። ለእንድሪስ አይገባውም። ድኜ ልነሳ። ሽማግሌው መጥቶ ያርዳኝ፤ አገር ባለበት በወጉ አለቅስለታለሁ። እስከዚያ አንተና እኔ እንይዘው። ትችላለህ?”

“እችላለሁ።”

“ያንን ጃኬት አውልቅ። ሰው እንዳያይብህ፣ ቀዝቃዛ ነው አሉ፣ የራስህን ልበስ።”

ሰኞ ጠዋት ስነቃ የፋጡማ መልእክት ደርሷል። “አልሐምዱሊላህ፣ ወጣላት። ሐኪሙ ግፊቷ እንዲህ ተረጋግቶ አያውቅም አለ። ያ ፎቶ ነው ያዳናት።” ጋሽ ኡመር በደስታ አቀፉኝ፤ “አየህ? ሼኹን አለመጠየቄ!” አሉ።

ከአንድ ወር በኋላ ሽማግሌዎቹ በማለዳ ሄዱ። ፋጡማ እያለቀሰች በስልክ ነገረችኝ። “እንዲያ ስትወድቅ አይቼ አላውቅም። ምንም አልጠረጠረችም ነበር። በሰዓቱ ነግረናት ቢሆን ኖሮ አብራው ትሄድ ነበር።” “ልክ ናችሁ” አልኳት። እናቴ አስመስላ አላለቀሰችም፤ ያ ሁሉ የእውነት ነበር። አንድ ወር ሙሉ በደረቷ ይዛው ቀኑን ጠብቃለት ነው።

የምታነቡ ወገኖቼ፣ መደበቅ ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ ብላችሁ ብትጠይቁኝ ዛሬም አላውቅም። ትዕግስት ይቅር አላለችም፤ እናቴ ይቅር ብላለች፤ ሁለቱም ልክ ይመስሉኛል። እኔ የማውቀው ያ ጠዋት ምን እንዳደረገኝ ነው። ሰውን ከሚወደው ሰው ለመደበቅ ያለኝን ብርሃን ሁሉ ተጠቀምኩ። እሷ ግን የደበቅኩትን ትታ የቀረኝን አየች።

ኮሌጅ ገባሁ፤ ፎቶ ተማርኩ። ዛሬ በዚያችው ክፍል፣ ከትዕግስት ጋር፣ በእንድሪስ ቆርቆሮዎችና ጄሎች የማነሳው እኔ ነኝ። አንድ ነገር ብቻ ጨምሬያለሁ። ማንም ሰው በርጩማው ላይ ሲቀመጥ፣ ቅጠሉንም ፍርግርጉንም ከመሰካቴ በፊት፣ አንድ ፎቶ በተራ ነጭ ብርሃን አነሳዋለሁ። ብዙዎች “ይሄማ የፓስፖርት ነው” ብለው ይስቁብኛል። ይሁን። ያንን አልሸጠውም፤ ለቤተሰቡ እንዲልከው ዝም ብዬ እሰጠዋለሁ። የወንድሜ እንዲህ ያለ ፎቶ አንድ እንኳ የለኝም። እናንተስ? ፎቶ የማይወድ ሰው ቤታችሁ ውስጥ ካለ፣ ዛሬ ቢቆጣም አንሱት።

የዚያ ቀን ፎቶ አሁን ደሴ፣ እናቴ ሳሎን ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ፋጡማ ናት አሳጥባ ያሰቀለችው። እንግዳ ሲገባ የእንድሪስ የመጨረሻ ፎቶ ነው ይባላል፤ ዱዓ ያደርጉለታል፤ አንዳንዶቹ እያዩት ያለቅሳሉ። እናቴ አብራቸው “አዎ ልጄ” ትላለች። ሁሉም ሲሄዱና ቤቱ ጭር ሲል ግን፣ ራሷ ነች የነገረችኝ፣ ከሥሩ ቆማ ቀና ትላለች።

“ጀማል” ትለዋለች፣ “ያንን ጃኬት አላወለቅክም?”